የጠቆረ ሁሉ አይከላከልም፤ ለአቧራና ለዳመና መንገድ የትኛው መነጽር ያዋጣል?

ሐሙስ የቀይ አፈር የገበያ ቀን ነው። ከበና፣ ከፀማይ፣ ከሐመርና ከአሪ የሚመጣው ሕዝብ ፍየሉን፣ ከብቱን፣ ማሩን፣ ቅቤውንና እህሉን ይዞ ረፋዱ ላይ ሜዳውን ይሞላዋል። ከጂንካና ከኮንሶ በኩል የሚመጡት ነጋዴዎች ደግሞ የፋብሪካ ሸቀጣቸውን በሸራ ላይ ይዘረጋሉ። ባትሪ፣ የላስቲክ ጫማ፣ ምላጭ፣ ዶቃ፣ የስልክ ቻርጀር፤ ከዚህ ሁሉ መካከል ካርቶን ላይ ተሰክቶ የሚሸጥ መነጽር አለ። የዛሬው ዓምዳችን የሚያተኩረው በዚህ በመጨረሻው ሸቀጥ ላይ ነው።

መነጽር ተራ ዕቃ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ አካባቢ ለሚንቀሳቀስ ነጋዴና ደላላ የሥራ መሣሪያ ነው። ዋናው መንገድ ከኮንሶ ተነስቶ በወይጦ በኩል ሽቅብ ወደ ቀይ አፈር ይወጣና ወደ ጂንካ ይቀጥላል፤ ወደ ዲመካና ቱርሚ የሚወርደውም ከዚሁ ይገነጠላል። ከብቱና ማሩ የሚገኘው ግን ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ነው። እዚያ የሚያደርሰው ሞተር ብስክሌት ነው። ምድሩ ስሙን ለከተማዋ ያወሳት ቀይ አፈር በመሆኑ በደረቁ ወራት ከፊት የሚሄድ አንድ አይሱዙ የሚያስነሳው አቧራ ከኋላው ያለውን ሞተረኛ መንገዱን ያሳጣዋል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር በሚዘንብበት ጊዜ ደግሞ ዳመናው ይወርዳል፣ በደጋው በኩል ማለዳው ጭጋግ ይሆናል፣ ትናንት የነበረው መንገድ ዛሬ በጎርፍ ተቦርቡሮ ይገኛል።

ታዲያ በዚህ መንገድ ላይ ከሚሄዱት አብዛኞቹ በዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ምንድን ነው? ጥቁር የፀሐይ መነጽር ነው። ምክንያቱም ገበያው ላይ በብዛት የሚቀርበው እሱ ነው፤ ደግሞም ያምራል።

ይህ ጸሐፊም ከዚህ ስሕተት አላመለጠም። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሱቅ የገዛውን ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ልክ እንደሱው ጥቁር ካደረገ ሞተረኛ ኋላ ተፈናጦ ከገበያ ሲመለስ፣ ሰዓቱ 12 ከሩብ ገደማ ነበር። አካባቢው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው አይዘገይም። ጎርፍ ቆርጦት የሄደውን ቦይ ሁለታችንም ያየነው ጎማው ከገባበት በኋላ ነው። ጉዳቱ ከተላላጠ ጉልበትና ከአንድ የተሰበረ መስታወት አላለፈም። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ያንኑ ቦታ ስናየው ቦዩ ከሃያ ሜትር ላይ በግልጽ ይታያል።

ከብት ደላላውና መነጽሩ

ለኢኮኖሚ ተማሪ ከዚህ ገበያ የሚገርመው ነገር አለ። በቀይ አፈር የከብት ተራ የቆመ ደላላ በሬ ሲገመግም ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ጥቂት እርምጃ አስረምዶ እግሩን ይመለከታል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ገዢና ሻጭ ስለ በሬው የሚያውቁት ይቀራረባል። ያው ደላላ ለራሱ መነጽር ሲገዛ ግን አድርጎት በስልኩ ካሜራ መልኩን ያይና ዋጋ ይከራከራል። ስለ ሌንሱ የሚጠይቀው ነገር የለም፤ ቢጠይቅም ሻጩ አያውቅም።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙትና በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩባቸው ሥራዎች አንዱ የሆነው ጽሑፋቸው የሚያነሳው ይህንኑ ነው። እርሳቸው ምሳሌ ያደረጉት ያገለገሉ መኪናዎችን ነው። ገዢው ደህናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል፤ የደህናው ዕቃ ባለቤት በዚያ ዋጋ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ነው። የመነጽር ገበያችን ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ደህና ሌንስ ለማምጣት ተጨማሪ ወጪ ያወጣ ነጋዴ ከጎኑ ከሚሸጠው ጋር እኩል እንዲሸጥ ይገደዳል። በመሆኑም መለየትን መማር የገዢው ብቻ ሳይሆን የደህናው ነጋዴም ጥቅም ነው።

መጥቆርና መከላከል ሁለት ነገር ናቸው

አንድ ሌንስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። አንደኛው የሚታየውን ብርሃን መቀነስ ነው፤ ይህ መጥቆሩ ነው። ሁለተኛው ዓይን የማያየውን አልትራ ቫዮሌት የተባለውን የፀሐይ ጨረር ማገድ ነው። ሁለተኛውን የሚወስነው የሌንሱ ዕቃና ቅቡ እንጂ ቀለሙ አይደለም። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ፍጹም ነጭ ሆኖ እንደ ውኃ እየጠራም አብዛኛውን ጨረር በራሱ ያግዳል። በአንጻሩ ጨረር የማያግድ ጥቁር ሌንስ ካለ ባዶ ዓይን ከመሆንም ሊከፋ ይችላል፤ ጨለማ ሲሆን የዓይን ብሌን ይሰፋና ያልታገደው ጨረር በሰፊው በር ይገባል። ይህ ጨረር ለዓመታት ሲደጋገም ለዓይን ሞራና በዓይን ነጩ ላይ ለሚያድገው ሥጋ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ነው።

ዳመና ሲሆን ጨረር የለም ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ስስ ዳመናን አቋርጦ የሚያልፈው ጨረር ከ90 በመቶ በላይ ነው፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምርም ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በዳመና ቀን የሚያስፈልገው ጨረሩን እያገደ ብርሃኑን ግን የሚያስገባ ሌንስ ነው። ጥቁሩ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የዚህን ተቃራኒ ነው።

ከበረዶ አገር የመጣ ትምህርት

በዚያው ሐሙስ ገበያ ላይ አንድ ወጣት ሞተረኛ ግንባሩ ላይ ትልቅ፣ ሰፊ ማሰሪያ ያለው፣ ሌንሱ ብርቱካናማ የሆነ መነጽር አድርጎ አየን። ከየት እንደመጣ ባያውቅም ዕቃው የበረዶ መንሸራተቻ መነጽር ነበር። በረዶ በሌለበት አገር ምን ይሠራል ቢባል መልሱ ከገበያው ጥቁር መነጽሮች ሁሉ ይልቅ ለዚህ መንገድ የሚቀርበው እሱ ነው።

ስፖርቱ ለኛ እንግዳ ይመስላል እንጂ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ላይ ተወዳድሯል፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪም እሱ ነው።

የበረዶ ሰዎች እጅግ የሚፈሩት ነገር ጨለማ ሳይሆን ጥላ የሌለበት ብርሃን ነው። ዳመናው ሰማዩን እኩል ሲሸፍነው ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ጉብታውም ጉድጓዱም ጥላ አይጥልም። መሬቱ ሁሉ አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል። ተንሸራታቹ ጉድጓዱን የሚያውቀው ሲወድቅበት ነው። ነጩን በቀይ ይለውጡትና የቀይ አፈርን የዳመና ቀን ያገኙታል፤ መንገዱም ዳሩም ቦዩም አንድ ቀይ ነው።

መፍትሔያቸው ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ሌንስ ነው። አሠራሩ ተአምር አይደለም። ጥላ ያረፈበት ቦታ በአብዛኛው የሚበራው ከሰማይ በሚመጣ ሰማያዊነት ባለው ብርሃን ነው። ሌንሱ ሰማያዊውን ሲያግድ ጥላው ይበልጥ ይጠቁራል፣ የተቀረው መሬት ደምቆ ይቀራል፤ ያች የነበረችው ትንሽ ልዩነት ትጎላለች። ጥላ ፈጽሞ ከሌለ ግን የትኛውም ቀለም ከየትም ሊያመጣው አይችልም። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ፍጥነት መቀነስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሻጮች አባባል መታረም አለበት። ቢጫ ሌንስ አቧራንና ጭጋግን ሰንጥቆ ያሳያል ይባላል። አያሳይም። የጭጋግ ጠብታና የመንገድ አቧራ ከብርሃን ሞገድ አንጻር ትልልቅ ስለሆኑ ሁሉንም ቀለም በተቀራራቢ መጠን ይበትናሉ፤ የሚመረጥ ቀለም የለም። በአቧራ ውስጥ የሚጠቅመው የሌንሱ ቀለም ሳይሆን የመነጽሩ ግጥምነት ነው። ቢጫ መነጽር ለሌሊት መንጃ ተብሎ የሚሸጠውም እንዲሁ ነው። ቦስተን በሚገኘው የሸፐንስ የዓይን ምርምር ተቋም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከፊት በሚመጣ መብራት ውስጥ እግረኛን ለማየት ቢጫው ምንም እንዳልረዳ አሳይቷል። ማታ የሚደረገው ነጭ ሌንስ ብቻ ነው።

ቁጥሩን ያንብቡ

የፀሐይ መነጽር በሚያስገባው ብርሃን መጠን ከ0 እስከ 4 በደረጃ ይከፈላል፤ አይ.ኤስ.ኦ. 12312-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚከተለው ይህን አከፋፈል ነው። 0 ከ80 በመቶ በላይ ብርሃን ያስገባል፤ 1 ከ43 እስከ 80፤ 2 ከ18 እስከ 43፤ 3 ከ8 እስከ 18፤ 4 ከ3 እስከ 8 በመቶ። የበረዶ መነጽሮችም ተመሳሳይ አከፋፈል ሲጠቀሙ ከቁጥሩ በፊት ኤስ የምትባለውን የላቲን ፊደል ያደርጋሉ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በመነጽሩ ክንድ ውስጠኛ በኩል ወይም በማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ደረጃ 4 ለማንኛውም አሽከርካሪ የተከለከለ ነው። ከ75 በመቶ በታች የሚያስገባ ሌንስ ደግሞ ለማታና ለምሽት ማሽከርከር አይሆንም።

ይህ ለቀይ አፈር ሞተረኛ ሲተረጎም፣ ገበያው መሐል በጠራራ ፀሐይ ለሚቆም ሰው 3 ይበቃዋል። በዳመናና በማለዳ ብርሃን 1 ቁጥር፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይሻላል። በአቧራ፣ በዝናብና ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ 0፣ ማለትም ነጩ። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ነጩን ይግዛ። ሁለት መግዛት የሚችል ሁለት መነጽር ሳይሆን ሌንሱ የሚቀየር አንድ መነጽር ከነጭና ከብርቱካናማ ሌንስ ጋር ይፈልግ።

ብርሃኑን እያየ ራሱን የሚያጠቁረው ሌንስ ለሁሉም ጊዜ አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን ለመንጣት ደቂቃዎች ይፈልጋል፣ በሙቀት ቦታም በደንብ አይጠቁርም። በመኪና ውስጥ ደግሞ የፊት መስታወቱ ጨረሩን ስለሚያግድበት ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል። ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፖላራይዝድ ሌንስ ለውኃ ዳር መልካም ሲሆን፣ የስልክ ስክሪንን በአንዳንድ አቅጣጫ ያጠቁራል። ዋጋ በስልክ እየተቀባበለ ለሚሠራ ደላላ ይህ ቀላል ችግር አይደለም። እርጥብ ጭቃንም የሚያስታውቀው ብልጭታው ስለሆነ ብልጭታውን ማጥፋት ሁልጊዜ አይጠቅምም።

የአቧራ መነጽር ሲመርጡ ከፊት ጋር የሚገጥመውን ስፖንጅ በጣት ጫን ብለው ይመልከቱ። ግንባር፣ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ክፍተት ከተወ አቧራው በዚያ ይገባል። የአየር ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ቀዳዳ ከሌለው በላብና በትንፋሽ እርጥበት ከውስጥ ይደፈናል። ቀዳዳው ክፍት ከሆነ ደግሞ አቧራውን ያስገባል። ስለዚህ ቀዳዳው በስስ ስፖንጅ የተሸፈነ ይሁን። የበረዶ መነጽሮች ሌንሳቸው ድርብ ሆኖ በመካከሉ አየር ስላለ ከውስጥ ቶሎ አይደፈኑም፤ ለጭጋጋማ ማለዳ የሚመረጡትም በዚህ ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ጨረር በዓይን አይታይም ብለናል። ነገር ግን ብዙ ነጋዴ ጠረጴዛው ላይ የሚፈትንበት መሣሪያ አለው፤ ሐሰተኛ ብር የሚለይበት ሐምራዊ መብራት። የብር ኖቱን ከመብራቱ ሥር ያድርጉና የሚያበራውን ምልክት ይፈልጉ። ከዚያ ሌንሱን በመብራቱና በኖቱ መካከል ያስገቡ፤ ኖቱን የሚመለከቱት ከጎን እንጂ በሌንሱ ውስጥ አይሁን፣ መብራቱንም ፊት ለፊት አይዩት። ምልክቱ ከጠፋ ሌንሱ ያን ጨረር ያግዳል። እንደ ቀድሞው ካበራ ዕቃውን ይመልሱ። ርካሽ መብራቶች የሚታይ ሐምራዊ ብርሃን ስለሚቀላቅሉ ጥቂት ብልጭታ ቢቀር አይገርምም፤ ስለዚህ ደህንነቱን ከሚያውቁት ሌላ ሌንስ ጋር ያነጻጽሩ። ይህ ፈተና ብልሹውን ለመያዝ እንጂ ለደህናው የምስክር ወረቀት ለመስጠት አይበቃም። ቢሆንም «ዩቪ 400» የሚል ተለጣፊ ወረቀት ከማመን ይሻላል፤ ተለጣፊውን ማንም ያትመዋል።

ሁለተኛው ፈተና መብራትም አይፈልግም። መነጽሩን ክንድዎን ዘርግተው ይያዙና በሌንሱ ውስጥ የበር መቃን ይመልከቱ፤ ቀስ ብለው ወደ ጎን ያንቀሳቅሱት። መስመሩ እንደ እባብ ከተጠማዘዘ ሌንሱ ዓይን ያደክማል፣ ርቀትም ያሳስታል። ፖላራይዝድ ነው የተባለውን ደግሞ ከሌላ ፖላራይዝድ ጋር ደርበው አንዱን ያዙሩት፤ በአንድ አቅጣጫ ካልጨለመ ስሙ ብቻ ነው።

ጅምላ ለሚያመጡ

ለሞተር ብስክሌት መነጽር የወጣው የአውሮፓ ደረጃ ኢ.ኤን. 1938 ነው። ነገር ግን ብዙ ነጋዴ የማያስበው ሌላ ምንጭ አለ፤ የግንባታና የፋብሪካ መከላከያ ዕቃ ሱቅ። ኢ.ኤን. 166 የተባለው የቆየው የሥራ መነጽር ደረጃ ከቅርቡ በአይ.ኤስ.ኦ. 16321 እየተተካ ቢሆንም ምልክቱ ያለባቸው ዕቃዎች አሁንም ይገኛሉ። መያዣው ላይ 4 ቁጥር ካለ ሻካራ አቧራ፣ 5 ካለ ደቃቅ አቧራና ጋዝ ይከላከላል ማለት ነው። በላቲን ፊደል ኬ መጫርን፣ ኤን መደፈንን ይቋቋማል ማለት ነው። የአሜሪካኖቹ ምልክት ዜድ 87 ነው። እነዚህ ነጭ መነጽሮች ውበት የላቸውም፤ አቧራ ግን ያግዳሉ።

የዋጋው ነገር እንደሚታወቀው ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ሲወደድ ገዢው ወደ ርካሹ ማዘንበሉ አይቀርም። ስሌቱ ግን መሠራት አለበት። ለምሳሌ ያህል አንድ ርካሽ መነጽር 300 ብር ቢሆንና በአቧራው ተጭሮ በሁለት ወር ቢጣል፣ የዓመቱ ወጪ 1,800 ብር ይሆናል። ሌንሱ የሚቀየር መነጽር በ900 ብር ቢገዛና በዓመት ሁለት ሌንስ በ250 ብር ቢቀየርለት 1,400 ብር ነው። ቁጥሮቹን በአካባቢዎ ዋጋ ይተኩዋቸው። ውጤቱን የሚወስነው መለዋወጫ ሌንስ መገኘቱ ነው። በመሆኑም መነጽሩን አምጥቶ ሌንሱን የማያመጣ ነጋዴ ውድ ዕቃ በርካሽ ዕቃ ዕድሜ እየሸጠ ነው።

ሌንሱ ቶሎ የሚያልቀውም በአያያዝ ነው። ደረቅ አቧራ በሸሚዝ ጫፍ ሲጠረግ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ መጀመሪያ ውኃ ማፍሰስ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሞተረኛ የዘይት ጠብታ ለማስለቀቅ ጨርቅ በቤንዚን ነክሮ ይጠርጋል። ቤንዚን ፖሊካርቦኔትን ያደበዝዘዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ይህን ሲሸጡ መንገር ምንም አያስወጣም።

ለሐሙስ ገበያ አሥር መነጽር የሚጭን ነጋዴ ቢያማክረን ስድስቱን ነጭ፣ ሦስቱን ብርቱካናማ ወይም ቢጫ፣ አንዱን ጥቁር እንለዋለን። ዛሬ ካርቶኑ ላይ የሚታየው ድርድር ከዚህ የተገለበጠ ነው። ነጩ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚስቅ ገዢ ይኖራል። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ፣ ሞተሮቹ ወደየቀበሌው ሊነሱ ሲሉ ግን ጥቁሩንና ነጩን ተራ በተራ አስደርገው መንገዱን ያሳዩት።